የኔታ ካራቴ እና የድልድዩ ድንጋይ

የጋሽ ይሁኔን ሞት የሰማሁት መሰላል ላይ ሆኜ ነው። ግራ እጄን ለአምፖሉ፣ ቀኝ እጄን ለስልኩ ሰጥቼ ነበር። የደወለችው የሰው ኃይል ክፍሏ ትዕግሥት ናት። «መላኩ፣ የኔታ ካራቴ ዐረፉ እኮ» አለችኝ። ቀጥሎ ያደረግሁትን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ ከመሰላሉ ወርጄ የተቃጠለውን አምፖል በጨርቅ ጠቀለልሁና ኪሴ ውስጥ ከተትሁት። ጋሽ ይሁኔ የተቃጠለውን በዓይናቸው ሳያዩ አዲስ አምፖል አይሰጡም ነበራ። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ትዝ ያለኝ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።

እዚህ ባሕር ዳር፣ እኔ ኤሌክትሪሽያን ሆኜ በምሠራበት ኮሌጅ፣ እሳቸው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። አጭር፣ ደረቅ ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ቡናማ ባርኔጣ የማይለያቸው ሰው። ሞዴል ሃያ የሚባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሳይሞላ የመጣ ሰው ከሳቸው እጅ መርፌም አያገኝ። ሞልቶ የመጣም ቢሆን ቶሎ አያገኝም። መጀመሪያ ቅጹን ያነባሉ፤ ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ፤ ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ከግራ መዳፋቸው ጋር ይገጥሙና ከወገባቸው ጎንበስ ይላሉ። ቻይናዎቹ በፊልም ላይ ከመደባደባቸው በፊት እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ዲኑም ቢመጣ፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ብትመጣ እንደዚያው ነው። አጸፋውን ያልመለሰ ሰው «ዕቃው ከመደርደሪያው ጀርባ ነው፤ ነገ ና» ይባላል። ስለዚህ በኮሌጃችን ዶክተሩም ቧንቧ ሠራተኛውም ጡጫውን ከመዳፉ ገጥሞ እጅ ሲነሣ ታዩ ነበር።

አንድ ጊዜ የውኃ ፓምፕ ሊተክል አንድ ቻይናዊ መሐንዲስ መጣ። ጋሽ ይሁኔ የዚያን ቀን ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከረባት አስረው ነው የዋሉት። ሰውየው ግምጃ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ዕድሜ ልካቸውን ሲለማመዱት የኖሩትን እጅ መንሣት አሳዩት። መሐንዲሱ ግራ ተጋብቶ እጃቸውን ጨበጣቸውና በአማርኛ «ብሎን አለ?» አላቸው። ብሎኑን ሰጥተው ከሸኙት በኋላ ከረባታቸውን ፈቱ። «ምስኪን» አሉኝ። «ሳይማር ነው የወጣ።»

አቋቋም የሚል ቃል ከአፋቸው አይጠፋም። እኔ መሰላል ስወጣ ከታች ሆነው «መጀመሪያ አቋቋም፤ ምቱ ራሱ ይመጣል» ይሉኛል። ትዳር ልይዝ ነው ብዬ ስነግራቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «አቋቋምህን አስተካክለሃል?» አሉኝ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አላስተካከልሁም ነበር፤ ያንን ያወቅሁት ከሠርጉ በኋላ ነው።

የኔታ የሚለው ቅጽል ስም እንዲሁ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አባታቸው ከሐይቁ ማዶ ባለ ደብር የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። እሳቸውም ቅኔውን ጨርሰው ትርጓሜ ቤት ገብተው ነበር። አንድ ቀን አባታቸው ጨው እንዲገዙ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ላኳቸው። ጨዉን ገዝተው፣ ታንኳው እስኪመለስ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ሲሉ ከአንድ የቆርቆሮ ቤት የዱላ ድምፅና ጩኸት ሰሙ። ሊገላግሉ ገቡ። ቪዲዮ ቤት ነበር። ጨዉ ለአባታቸው የደረሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አባትዬው ብዙም አልተቆጡም አሉ። ጨዉን ቆንጥረው ቀመሱና «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ብለው ወደ ጉባኤያቸው ተመለሱ። ጋሽ ይሁኔ ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን መጨረሻው ላይ ይሰበራል።

በቪዲዮ ቤቱ የያዙት ሥራ ይህ ነው። ፊልሞቹ በቻይንኛ ያወራሉ፤ ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ተመልካቹ ሁለቱንም አያውቅም። ጋሽ ይሁኔም አያውቁም። ከትርጓሜ ቤት ይዘውት የወጡት ነገር ግን ነበረ፤ ለአንዱ ቃል አንድም እያሉ ሁለት ሦስት ፍቺ መስጠት። መቋሚያ የምታህል ዱላ ይዘው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆማሉ። አንድ ጺማም ሽማግሌ ባልዲ ተሸክሞ ተራራ ሲወጣ ይታያል። «ይህ ሽማግሌ ውኃ መቅዳቱ ስለ ምንድር ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «አንድም ለተማሪው ትሕትና ሲያስተምር ነው። አንድም ክንዱን ሲያጠነክር ነው። አንድም ውኃ ጠምቶት ነው።» ቤቱ በሳቅ ይናጋል። እኔ ያን ጊዜ የቴክኒክ ተማሪ ነበርሁ፤ ከትምህርቱ ይልቅ እዚያ ቤት የሰማሁት ነው ዛሬም በቃሌ ያለው።

ከሁሉ የሚወደደው ፊልም «የድልድዩ» ይባል ነበር። የካሴቱ ልባስ ስለተቀደደ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ያ ውኃ ቀጂ ሽማግሌ መምህር ነው። አንድ ፊቱ ጠባሳ ያለበት ሰው ከኋላው መጥቶ ይገድለዋል። ተማሪው ለዓመታት ሰይፍ ሲማር ኖሮ ገዳዩን በዝናብ፣ በአንድ የእንጨት ድልድይ ላይ ያገኘዋል። አንገቱ ላይ ሰይፉን ያሳርፋል። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ከአግዳሚው ይነሣል። ፊልሙ መጀመሪያ የታየ ቀን ልክ እዚህ ላይ ማጫወቻው ዴክ የካሴቱን ክር በላው።

እኔ እዚያው ነበርሁ። ስክሪኑ ነጭ ነጥብ ብቻ ሆኖ ሽርርር ይላል። ሰው ጮኸ፤ አንዱ አግዳሚ ገለበጠ። ጋሽ ይሁኔ ዱላቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መቱና «ተቀመጡ! መጨረሻውን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። የቴሌቪዥኑን ሽርርታ ሳያጠፉ፣ ዝናቡ እንዳይቋረጥ ነው መሰለኝ፣ ተናገሩት። ተማሪው ሰይፉን ወደ ላይ አነሣው። አነሣው፣ አነሣውና መልሶ ድልድዩ ላይ አጋደመው። ገዳዩ ወደ ወንዙ ወረደ። ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ በጫንቃው ተሸከመ። እየጎበጠ መጥቶ ከተማሪው እግር ሥር ወደቀና «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረኝ» አለው። ተማሪውም ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደለት።

ከኋላ አንድ የተማረ ሰው «ቻይና ውስጥም ድንጋይ ተሸክመው ነው እንዴ ይቅርታ የሚጠይቁት?» አለ።

«ድንጋይ የሌለበት አገር አለ?» አሉት ጋሽ ይሁኔ።

ካሴቱ ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይቆረጣል፤ ጋሽ ይሁኔም ሁልጊዜ ተነሥተው ይጨርሱታል። ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ እሳቸው ኮሌጅ እስኪቀጠሩ ድረስ እንዲሁ ነበር። እኔም ፊልሙን ካሴቱ ደኅና ሳለ አስቀድመው ለብቻቸው እስከ መጨረሻው አይተውት ነው ብዬ አምን ነበር።

እውነቱን የነገሩኝ በአያ ሙጬ ምክንያት ነው። አያ ሙጬ ከእንፍራንዝ የሚመጡ ገበሬ ናቸው። በየዓመቱ አዝመራ ሲገባ አንድ ጆንያ ነጭ ሽንኩርት ተሸክመው ግምጃ ቤቱ ድረስ ይመጣሉ፤ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው አብረው ይስቃሉ፤ ይሄዳሉ። የኔታ የሚለውን ስም ያለ ቀልድ፣ ከልባቸው የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ጊዜ ከሄዱ በኋላ «ዘመድዎ ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ጋሽ ይሁኔ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ዘመዴስ አይደለም» አሉ። «ያን ጊዜ ወንድሙን የገደለበት ሰው ፋሲሎ ውስጥ መጋዘን ይጠብቃል የሚል ወሬ ሰምቶ ነበር። ሽጉጥ በጋቢው ሥር ይዞ መጣ። ሰውየው ከሥራ እስኪወጣ ፀሐይ ቢበረታበት ጥላ ብሎ ቪዲዮ ቤት ገባ። የድልድዩን አየ። ከዚያ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ሲቀመጥ ዋለና ሳይተኩስ አገሩ ገባ። ሽማግሎችን ደሙን አድርቁልኝ አላቸው። ገዳዩ በወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ገብቶ ታረቁ። በዓመቱ ነጭ ሽንኩርት ይዞ መጣልኝ። ቻይናውም እንደኛው ነው ለካ፣ እኔ ከሱ አልብስም ብየ ነው አለኝ።»

«ታዲያ ትልቅ ነገር ነው እኮ የሠሩት» አልኋቸው።

«መላኩ፣ እኔ መጨረሻውን አይቸው አላውቅም። ካሴቱ መጀመሪያ ሲታይ ነው የተበላው። ሰው አግዳሚ ሲገለብጥ ጨንቆኝ ነው አውቀዋለሁ ያልሁ። እንግዲህ ይኸ ሰው በኔ ውሸት የወንድሙን ደም ተወ። ልጆቻቸው እንኳ ተጋብተዋል። አንድ ቀን እውነተኛውን አይቶ አሞኘኸኝ ቢለኝስ?»

በየዓመቱ ያን ነጭ ሽንኩርት ሲቀበሉ ፊታቸው ለምን እንደሚገረጣ ያን ቀን ገባኝ።

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው የድልድዩ ፊልም እንደገና ተሠርቶ ወጣ። ፍላሽ ላይ ፊልም ከሚጭኑ ሰዎች ዘንድ ስሙን ባላውቅም በባልዲውና በድልድዩ ለይቼ አገኘሁትና በላፕቶፕ ይዤላቸው ሄድሁ። ሊያዩት አልፈለጉም። «እንደገና የተሠራ? ክርስትና ሁለት ጊዜ ይነሣል?» አሉ። በማግስቱ ግን ግምጃ ቤቱ በር ላይ «ቆጠራ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ገብቼ ሳይ የምሳ ሳህናቸውን ከላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጠው ጀምረውታል። በምሳ ሰዓት ጥቂት ጥቂት እያልን ሳምንት ሙሉ አየነው። በዚያ ሳምንት ኮሌጁ ውስጥ አምፖል አልተቀየረም።

እንደ ጋሽ ይሁኔ ፊልም የሚወድ ሰው አላየሁም። አዲሱን ሲያዩ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ተማሪው ሴት ልጅ ሆናለች። «አበዱ!» አሉ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ሰው ባልዲ በያዘ እጇ ስትጥለው፣ ከባልዲው አንድ ጠብታ ሳይፈስ፣ ማንኪያቸውን አየር ላይ አቁመው ቀሩ። «መልሰው» አሉኝ። መለስሁት። «እንደገና።» አራት ጊዜ አየነው። «ሴት መሆኗ ስለ ምንድር ነው?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁና «አንድም ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው ያሉትን ሊያሳፍር ነው። አንድም መምህሩ ዓይን ያለው መምህር ነው ሲል ነው» አሉ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ። «አንድም ትመታለች፣ መላኩ! ልጅቷ ትመታለች!»

የድሮውንም አላሙም። የድሮው ላይ ቡጢው ሳይደርስ ድምፁ ቀድሞ ይደርስ ነበር፤ የሚበሩትም በገመድ ነው፤ ገመዱ ይታያል። «ገመዱ መታየቱ ጥሩ ነበር፤ ሰው መሆናቸውን አትረሳም» ይላሉ። አዲሱ ድምፁን ያስጠብቃል። ልጅቷ እጇን ሰንዝራ፣ ሰውየው ቆሞ፣ ሁሉም ዝም ብሎ፣ ከዚያ ብቻ ነው የሚወድቀው። «ይኸ እኮ ጽናጽል ነው» አሉ፤ ግምጃ ቤቱ መሐል ተነሥተው በመጥረጊያ እጀታ እንደ ማሕሌት እየወዘወዙ እርምጃዋን አሳዩኝ። አንድ መደርደሪያ ሙሉ ማጣበቂያ ወረደ። ሪፖርት ላይ «በዕቃ አያያዝ ጉድለት» ብለው ራሳቸውን ከሰሱ።

ከሁሉ የገረማቸው ግን ገዳዩ ነው። በድሮው ፊልም ገዳዩ ሁልጊዜ እየሳቀ ነው የሚመጣው። በአዲሱ ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሻይ ሲቀዳ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሻዩ ይፈስበታል፤ በእጅጌው ይጠርገዋል። ጋሽ ይሁኔ እዚያ ላይ አስቆሙኝ። «አየኸው? ሰው አድርገውታል። ይኸን ያደረጉ ሰዎች አይገድሉትም። ድንጋይም ባይሆን አንድ ነገር ያሸክሙታል፤ ታያለህ» አሉኝ። ዓይናቸው በርቶ ነበር።

ዓርብ ዕለት ድልድዩ ላይ ደረስን። ዝናብ። ልጅቷ ሰይፏን አንገቱ ላይ አሳረፈች። ጋሽ ይሁኔ በሁለት እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። ልጅቷ ገደለችው። ትንፋሽ እስክንወስድ እንኳ አልቆየች። ጋሽ ይሁኔ ላፕቶፑን ቀስ ብለው ከደኑት፣ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ነቀሉት፣ ተመልሰው መጥተው አምፖል መደርደር ጀመሩ። «ጥሩ ፊልም ነው» አሉ በመጨረሻ። «እጅግ ጥሩ ፊልም ነው። ምነው እነሱም ክሩ በተበላባቸው።»

ክፉ ነገር ብቻውን አይመጣም። የአያ ሙጬ ልጅ ማክሰኝት ከተማ መምህርት ናት፤ ፊልሙ እንደገና መሠራቱን ለአባቷ ነገረች። አያ ሙጬ ደወሉ። ስልክ ላይ የሚጮሁት ማዶ ለማዶ እንደሚጣሩ ሰዎች ስለሆነ እኔም ሰማሁ። «የኔታ! እሑድ እመጣለሁ! መጨረሻውን አብረን እናየዋለን!»

እምቢ አይባል ነገር። እንግዳ ነው፤ ደግሞም ነጭ ሽንኩርቱ ተጭኗል። እኔ መላ አመጣሁ። የሠራተኞች ክበቡ መብራት መቁረጫ፣ ብሬከሩ፣ ከበሩ ኋላ ነው፤ ድልድዩ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ እንላለን፣ እርስዎ እንደ ድሮው ተነሥተው ይጨርሱታል አልኋቸው። ጋሽ ይሁኔ አንድ ቀን ሙሉ አሰቡበት። በመጨረሻ «ባርኔጣዬን ካወለቅሁ አጥፋ፤ ካላወለቅሁ ተወው» አሉኝ። ለራሳቸው ገና አልወሰኑም ነበር ማለት ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ክበቡ ውስጥ እኛና ጥቂት የጥበቃ ሠራተኞች ነበርን። አያ ሙጬ አዲስ ጋቢ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ ጋሽ ይሁኔ ከጎናቸው። እኔ ከበሩ ኋላ። ፊልሙ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ይሁኔ ሙቀቱ ሲበዛባቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን ያራግቡ ጀመር። ብሬከሩን አወረድሁት። «አይ መብራት!» አሉ ሁሉም። ጋሽ ይሁኔ ዞረው ሲያፈጡብኝ መለስሁት። ቆየት ብሎ ትዕግሥት ሻይ ይዛ ገባች፤ ጨዋ ሰው ናቸውና ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም አሏት። አወረድሁት። «መብራቱም እንደ ድሮው ነው» አሉ አያ ሙጬ ደስ ብሏቸው።

ድልድዩ ላይ ደረሰ። ዝናቡ ወረደ። እጄ ብሬከሩ ላይ ነው፤ ዓይኔ ባርኔጣው ላይ። ጋሽ ይሁኔ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሡ። ባርኔጣውን ያዙ። በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ ጆሯቸው ድረስ ወደ ታች ሳቡትና ወደኔ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ተወው ማለታቸው ነው። እጄን አወረድሁ። ልጅቷም ገደለችው።

የሠሩት ሰዎች ስም በስክሪኑ ላይ መውጣት ጀመረ። አያ ሙጬ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ስሞቹን ሲያዩ ቆዩ፤ የጠፋ ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

«ድንጋዩስ?» አሉ።

ጋሽ ይሁኔ ተነሡ። ከአክብሮት የተነሣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም እንደ ሞኝ ብሬከሩን አወረድሁት። ስለዚህ ያን ሁሉ ዓመት የፈሩትን ነገር የተናገሩት በጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ቆመው ነው። «አያ ሙጬ፣ ይቅር በለኝ። ያን ጊዜ ካሴቱ ተቆርጦ ነበር። ድንጋዩም፣ ይቅርታውም እኔ የፈጠርሁት ነው። አላየኸውም። ማንም አላየውም።»

አያ ሙጬ አሻቅበው አዩዋቸው። «የኔታ፣ ምን ነካዎ? እኔ በዓይኔ አይቸው! ዝናብ እየዘነበ ሰይፉን ድልድዩ ላይ አጋደመው። ያ ሰውየ ድንጋዩን ተሸክሞ ሲመጣ ግራ እግሩ አድጦት ለጥቂት ሳይወድቅ ቀረ። ይኸን እንዲያውም እርስዎ አልተናገሩትም፤ እኔ ነኝ ያየሁት።»

«አያ ሙጬ...»

«አርጅተዋል የኔታ፤ እየረሱ ነው፤ በራስዎ አይፍረዱ። እነዚህ ናቸው ያበላሹት። እስተ ድልድዩ ድረስ እንዲያ አሳምረው ሠርተው፣ ድንጋይ አጡ? ልጅቱስ ጎበዝ ነበረች፤ የሚመክራት ሽማግሌ አላገኘችም እንጂ።» ከጥበቃዎቹ አንዱ ደፍሮ «እውነት ነው፣ የድሮው ይሻላል» አለ፤ የድሮውን አላየውም።

ጋሽ ይሁኔ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ጡጫቸውን ከመዳፋቸው ገጠሙ፣ ከወገባቸው ዝቅ አሉ። «ልክ ነህ፤ ረስቸው ነው» አሉ። አያ ሙጬም ተነሥተው አጸፋውን መለሱ፤ ጋቢያቸው እስኪወድቅ።

አያ ሙጬን መናኸሪያ ከሸኘን በኋላ በሐይቁ ዳር በእግራችን ተመለስን። ጋሽ ይሁኔ እንደዚያ ቀን ቀለል ብለው ሲራመዱ አይቼ አላውቅም። መንገዱ መሐል ቆሙና «መላኩ» አሉኝ። «ግራ እግሩ ማደጡን እኔ አላውቅም ነበር።»

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ጢም ብሎ ነበር። በሕይወት ሳሉ «ነገ ና» የተባሉት ሁሉ መጥተዋል። ዲኑ ሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ሲደርስ ጡጫውን ከመዳፉ ገጥሞ እጅ ሲነሣ ቄሶቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ። እኔ ያን የተቃጠለ አምፖል ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር የሄድሁት፤ የት እንደማደርገው አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን አያ ሙጬ ከእንፍራንዝ ደረሱ። ሲያዩኝ እንባቸው መጣ። ከጎናቸው አንድ ፀጉራቸው የነጣ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አያ ሙጬ ጉልበታቸውን መታ አደረጓቸውና «መላኩ፣ ይኸ ታከለ ነው» አሉኝ። «ድንጋዩን የተሸከመው።»

ብድግ ብዬ ጡጫዬን ከመዳፌ ገጠምሁና ጎንበስ አልሁ። ሽማግሌው ትከሻቸውን እያሻሹ ፈገግ አሉ።

«ከባድ ነበር» አሉኝ። «ዝናቡ ደግሞ አላባራም፤ ግራ እግሬን አድጦኝ ለጥቂት ነው ሳልወድቅ የቀረሁት።»